ገመድ ገማጇን ወድጄ ጀግናውን የጠላሁት ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ሀዋሳ ነው፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተገናኘን መጽሐፍ እናነባለን። ሰሞኑን የጨረስነው አንድ ወፍራም የፋንታሲ ልብ ወለድ ነው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ከመዳፉ እሳት የሚወጣ ወላጅ አልባ ወጣት ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ሌላ ሴት ናት፤ ነፋስን በገመድ ቋጥራ የምታስር ገመድ ገማጅ። አንድ ነፋስ ባሰረች ቁጥር አንድ ድምፅ ለዘለዓለም ከጆሮዋ ይጠፋል። መጀመሪያ የወፍ፣ ቀጥሎ የዝናብ፣ በመጨረሻ የልጇ ሳቅ። አልቅሻለሁ። መጨረሻው ላይ ግን ወጣቱ እስከዚያ ድረስ ጭራሽ ያልተነሳ አዲስ ኃይል አውጥቶ ጦርነቱን በአንድ ሌሊት ያቆመዋል፤ የእሷንም ድምፆች አንድ ሳይቀር ይመልስላታል። መጽሐፉን ወረወርኩት። ጓደኞቼ ‹ፋንታሲ አይደል እንዴ? ሁሉም ይቻላል› ይሉኛል። አስማትን ከምድር ለማጥፋት የተነሳው ጠላት፣ ሹሙ፣ ስላሳዘነኝም ‹ለክፉ ታዝኛለሽ› እያሉ ያሾፉብኛል። ጥፋቱ የእኔ ነው? ሁለተኛው ቅጽ ወጥቷል፤ ላንብበው ወይስ ይቅርብኝ? እኔም በሐይቃችን ዙሪያ የሚሆን ፋንታሲ ጀምሬአለሁ፤ ‹በረዶና ግንብ የሌለበት ፋንታሲ አያምርም› ተባልኩ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የአንቺ አይደለም። ከጥያቄሽ ጋር የላክሽልኝን ገጾች ደጋግሜ አነበብኳቸው፤ በተለይ ገመድ ገማጇ የዝናቡን ድምፅ ያጣችበትን። ያንን ገጽ የጻፈ ሰው ችሎታ አለው። መጽሐፉን ያስወረወረሽ የደራሲው አለመቻል ሳይሆን፣ በገዛ እጁ የሠራውን በገዛ እጁ ማፍረሱ ነው። ልብ ወለድ በማስተማርና የጀማሪዎችን ረቂቅ በማረም ስኖር ከምንም በላይ የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። መጥፎ መጽሐፍ ይረሳል። ጥሩ ሆኖ ሳለ ራሱን የካደ መጽሐፍ ግን ይቆጫል።

ከጓደኞችሽ ልጀምር። «ሁሉም ይቻላል» የሚለው አባባል ለፋንታሲ የቆመ ይመስላል እንጂ የሚገድለው እሱ ነው። ሁሉም በሚቻልበት ዓለም የሚያስፈራ ነገር አይኖርም፤ የሚያስፈራ ከሌለ ደግሞ ተስፋ የሚደረግበትም የለም። ወጣቱ ገደል አፋፍ ላይ ሲቆም ልብሽ የሚመታው ሊወድቅ ስለሚችል ነው። በፈለገ ጊዜ ክንፍ የሚያበቅል ከሆነ ገደሉ ሜዳ ሆነ ማለት ነው።

ይህ ቅሬታሽ ከ2300 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። አርስቶትል ስለ ቅኔና ስለ ድራማ በጻፈው መጽሐፉ ሊሆን የማይችል ሆኖ የሚያሳምን ነገር፣ ሊሆን እየቻለ ከማያሳምን ነገር ይመረጣል ይላል። ልብ በይ፣ ተአምርን አልከለከለም። የከለከለው ሌላ ነገር ነው፤ የታሪኩ ቋጠሮ መፈታት ያለበት ከራሱ ከታሪኩ ውስጥ በወጣ ምክንያት እንጂ በመድረክ ማንሻ ከላይ በሚወርድ አምላክ መሆን የለበትም ይላል። በምሳሌነት የጠቀሰውም የጥንቱን የግሪክ ድራማ ጸሐፊ የዩሪፒደስን «ሜዲያ» ነው፤ ሴትየዋ ልጆቿን ገድላ በፀሐይ አምላክ ሠረገላ የምታመልጥበትን። ጓደኞችሽ «ድሮም እንዲህ ነበር» ካሉሽ፣ ድሮም የሚቃወም ነበር በያቸው።

የአንቺ መጽሐፍ መጨረሻ ገበጣ ላይ ሊሸነፍ ሲል ከኪሱ ጠጠር አውጥቶ የሚጨምር ተጫዋች ፊት የመቀመጥ ያህል ያናድዳል። የሚያናድደው መሸነፍሽ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ አስበሽ የተጫወትሽው ሁሉ ከንቱ መሆኑ ነው። አንባቢም እንደዚያው ነው። አምስት መቶ ገጽ ሙሉ «እንዴት ይወጡት ይሆን?» እያለ ያሰላል፤ ገመዱን ያስባል፣ ቋጠሮውን ያስባል፣ የቀሩላትን ድምፆች ይቆጥራል። መልሱ ከስሌቱ ውጭ ሲመጣ ማሰቡ ራሱ ተናቀ።

ሆኖም ምትሃት ሁሉ ይብራራ እያልኩ አይደለም፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይስታል። ከላክሽልኝ ገጾች በአንዱ፣ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ፣ መንደሩን የሚውጥ ጭጋግ አለ። ከየት እንደመጣ አልተነገረም፣ ምን እንደሆነም አልታወቀም፤ አንቺም አልጠየቅሽም። ለምን? ጭጋጉ ችግር የሚፈጥር እንጂ ችግር የሚፈታ ስላልሆነ። ያልታወቀ ነገር ሊያስፈራን፣ መንገድ ሊያስተን፣ ሊያስደምመን ሙሉ መብት አለው። ያልታወቀ ነገር ሲያድነን ነው የምንጠራጠረው። አሜሪካዊው የፋንታሲ ደራሲ ብራንደን ሳንደርሰን በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ ይህንኑ እንደ ሕግ አስቀምጦታል፤ ደራሲ ግጭትን በአስማት አሳማኝ አድርጎ የመፍታት አቅሙ የሚለካው አንባቢው ያንን አስማት በተረዳው ልክ ነው ይላል። የፋንታሲ ወዳጆች ይህን ሕግ በቃላቸው ያውቁታል፣ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምረዋለሁ።

ግን በእኔ አመለካከት ሕጉ ግማሹን ነው የሚነግረን። ስለ እውቀት ይናገራል፣ ስለ ዋጋ አይናገርም። አንድ ደራሲ የአስማቱን ሕግ በሰንጠረዥ ዘርዝሮ፣ የእሳት ደረጃ ይህን ያህል፣ የውኃ ደረጃ ያን ያህል ብሎ ሊያስረዳን ይችላል፤ ሁሉንም ተረድተን ምንም ላይሰማን ይችላል። እንደዚህ ያሉ ረቂቆች በብዛት ይደርሱኛል። ሕጉ ተጽፏል፣ ሰውየው ግን አልተነካም። አንቺን ያስለቀሰሽ የቋጠሮውን አሠራር መረዳትሽ አይደለም። ቋጠሮው ከማን ላይ ምን እንደወሰደ ማየትሽ ነው።

ነፋስን በገመድ መቋጠር ራሱ የደራሲው ፈጠራ አይደለም። ስዊድናዊው የቤተ ክርስቲያን ሰው ኦላውስ ማግኑስ በ1555 እ.ኤ.አ. ስለ ሰሜን ሕዝቦች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነጋዴዎች ሦስት ቋጠሮ ያለው ገመድ ከጠንቋዮች ይገዙ እንደነበር ጽፏል። የመጀመሪያው ሲፈታ ለስላሳ ነፋስ ይነፍሳል፣ ሁለተኛው ሲፈታ የበረታ፣ ሦስተኛው ሲፈታ ማዕበል። ተረቱ ውስጥ ገደብ እንዳለ አየሽ? ሦስት ብቻ ነው፣ ሦስተኛውም መፈታት የለበትም። የአንቺ ደራሲ የራሱን የጨመረው ጆሮዋን ነው፤ የመጽሐፉ ምርጥ ሐሳብም እሱ ነው።

እኛም ዘንድ ቢሆን ኃይል አለው የተባለ ነገር ልክና ገደብ ያልነበረው ጊዜ የለም። የብራና ክታብ በቅርብ አይተሽ ከሆነ የምለው ይገባሻል። (የሃይማኖት ክርክር ውስጥ አልገባም፤ እንደ ጽሑፍና እንደ ዕቃ ብቻ ልመልከተው።) ብራናው የሚዘጋጀው ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ነው። አንዱ ቁራጭ ከሌላው ጋር እየተሰፋ ርዝመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህል እንዲሆን ይደረግ ነበር፤ ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው። ጸሎቱ በጥቁር ቀለም ይጻፋል፣ መነሻውና የከበሩት ስሞች በቀይ። በመካከሉ ሰይፍ የመዘዙ መላእክትና አፍጥጠው የሚያዩ ዓይኖች ይሣላሉ። ከሚጻፉት መካከል ሰሎሞን አጋንንትን እንደ ዓሣ ያጠመደበት መርበብተ ሰሎሞን አለ፤ የቅዱስ ሱስንዮስና የውርዝልያ ታሪክም አለ። ውርዝልያ ሕፃናትን ትገድላለች፤ በአንዳንድ ቅጂዎች የገዛ እህቱ ናት። ሱስንዮስ ልጁን ከገደለችበት በኋላ ጦሩን ይዞ በፈረስ ተከታትሎ ይወጋታል። ይህን የሚያስጽፉት ብዙውን ጊዜ ልጅ የሞተባቸው ወይም እንዳይሞትባቸው የሚሰጉ እናቶች ነበሩ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ሳስበው ሁሌም ይገርመኛል። የባለቤቱ የክርስትና ስም በጸሎቱ ውስጥ እየተደጋገመ ይጻፋል። ክታቡ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ የመጀመሪያው ስም ተፍቆ በላዩ የአዲሱ ባለቤት ስም ይገባል፤ ስማቸው የተፋቀ ጥቅሎች ዛሬም በየቤተ መዘክሩ ይታያሉ። እንግዲህ ይህ ነገር ለማን እንደሆነ፣ ከምን እንደሚጠብቅ፣ በማን ቁመት እንደተለካ የታወቀ ነው። ለሁሉም ሰው፣ ለሁሉም ችግር አይሆንም። የሚጠብቀውን ሰው ልክ ይዞ የተሠራ ነው። ፋንታሲ የሚጽፍ ሰው አስማቱን በዚህ ጥበት ቢያስበው ግማሽ መንገድ ሄዷል እላለሁ። የወጣቱ አዲስ ኃይል የማንም ቁመት የለውም፤ የማንም ስም አልተጻፈበትም። ለዚህ ነው ጦርነቱንም የሚያቆመው፣ ጆሮም የሚፈውሰው፣ ደራሲው የቸገረውን ሁሉ የሚያደርገው።

አሁን ወደ ዝናቡ ገጽ እንመለስ፤ ቀስ ብለን ማየት አለብን። ገመድ ገማጇ ማዕበል የያዛቸው ዓሣ አጥማጆች እንዲመለሱ ብላ ነፋሱን ትቋጥራለች። ጀልባዎቹ ይገባሉ። እሷ ቤቷ ገብታ ሥራዋን ትቀጥላለች። ልጇ ፀጉሯ በስብሶ ትገባለች። እናትየዋ የልጅቷን ፀጉር ታያለች፣ ቀና ብላ ጣራውን ታያለች፣ ከዚያ ተነስታ በሩ ላይ ትቆምና ከክፈፉ ሥር መዳፏን ትዘረጋለች። እንደዘረጋች ትቆያለች። ተመልሳ ገብታ ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ድስት ልታስቀምጥ ትሞክራለች፤ ዱሮ ቦታውን የምታውቀው በጠብታው ድምፅ ነበር፣ አሁን ወለሉን በእጇ እየዳሰሰች እርጥቡን ትፈልጋለች። በቃ። «አዘነች» የሚል ቃል የለም፣ «እንባዋ ወረደ» የለም። ደራሲው የሰጠን ዘርግታ የቆመችበትን መዳፍና ወለል የሚዳስስ እጅ ነው።

እዚህ ገጽ ላይ አስማቱና ሴትየዋ አንድ ሆነዋል። ሰውን በሚናገረው ሳይሆን ምን ከፍሎ ምን እንደመረጠ ስናይ እናውቀዋለን። ገመድ ገማጇ የዝናብ ድምፅ ትወድ ነበር፤ ለማታውቃቸው ሰዎች ሰጠችው። የሚቀጥለው ነፋስ ሲመጣ ምን እንደምትሰጥ አናውቅም፤ እሷም አታውቅም፤ ሆኖም ገመዷን ታነሳለች። ወጣቱስ? እሳቱ ሲነድ ይደክመዋል፣ ይተኛል፣ ጠዋት ድኖ ይነሳል። ምንም ስላልሰጠ ምንም አልመረጠም። አንቺ ጀግናውን የጠላሽው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ማን እንደሆነ ለማወቅ አንድም በር ስላልተከፈተልሽ ነው። ከላክሽው ውስጥ አንድ ቦታ ብቻ ሕይወት አየሁበት፤ ገመዶቹ ወደተሰቀሉበት ክፍል ላለመግባት ሰበብ ሲፈልግ። የሚያፍርበት ነገር እንዳለ ያኔ ብልጭ ይላል፣ ደራሲው ግን አልፎት ይሄዳል።

ስለዚህ የድምፆቹ መመለስ ስህተትነቱ አስደሳች መሆኑ አይደለም። ይህን በደንብ ልናገር፣ ምክንያቱም አሳዛኝ መጨረሻ ብቻ ነው ቁም ነገር የሚል አስተሳሰብ አለ፤ እኔ አልቀበለውም። እንግሊዛዊው የፋንታሲ ደራሲ ቶልኪን በ1939 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ተረት ባደረገው ንግግር፣ በመጨረሻ ላይ ድንገት የሚመጣ የደስታ መታጠፊያ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ከፍተኛ ግብ ነው ብሎ ተሟግቷል። ግን እዚያው ላይ ይህ ደስታ ሐዘንንና ውድቀትን አይክድም፤ እነሱ የሚቻሉ ካልሆኑ የመዳን ደስታም አይኖርም ብሏል። የአንቺ መጽሐፍ ያደረገው መካድ ነው። ድምፆቹ ሁሉ ሲመለሱ የዝናቡ ገጽ ወደ ኋላ ተመልሶ ባዶ ሆነ። ያ የተዘረጋ መዳፍ ለጊዜው የተወሰደ ዕቃ የሚጠብቅ ሰው መዳፍ ሆነ። ደራሲው ለሴትየዋ አዝኖላት ይሆናል፤ በማዘኑ የወሰደባት ግን የነበራትን ትልቁን ነገር፣ የሰጠችውን ስጦታ ነው።

ደስታውን የሚያገኝበት መንገድ እኮ እጁ ላይ ነበር! በሌላው ገጽ ላይ እናትና ልጅ አንድ ረዥም ገመድ በሁለት ጫፍ ይዘው ሲገምዱ ይታያሉ። ገመዱ ተወጥሯል። ልጅቷ ስትስቅ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፣ ክንዷ ይንቀጠቀጣል፣ ገመዱም ይንቀጠቀጣል። ይህ የተጻፈው ሳቁ ከመጥፋቱ በፊት ነው። በመጨረሻው ምዕራፍ ወጣቱን ከዚያ ክፍል አስወጥቶ እናትና ልጅን እንደገና ገመድ ቢያስይዛቸው፣ ልጅቷ ብትስቅና እናትየዋ የማትሰማው ሳቅ በገመዱ በኩል መዳፏ ላይ ቢደርስ፣ አንቺ መጽሐፉን አትወረውሪውም ነበር። አዲስ ኃይል አያስፈልግም፣ የተከፈለውም ዋጋ አይሰረዝም። ደስታውም ከራሷ ሙያ፣ ከራሷ እጅ በመጣ ነበር።

ሹሙን በተመለከተ ጓደኞችሽ ማዘንንና መደገፍን አንድ አድርገው ማየታቸው ይመስለኛል። የላክሽው ማጠቃለያ እንደሚለው ሰውየው የትውልድ ከተማውን ያጣው አስማተኞች በለቀቁት ጎርፍ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አስማት የነካውን ሁሉ ያቃጥላል። ሴት ልጁ በጠና ስትታመምና ፈዋሽ አስማተኛ ደጁ ድረስ ሲመጣ ግን አባርሮታል። በሌላ ሰው ልጅ ላይ የደነገገውን ሕግ በራሱ ልጅ ላይም አጸና። ጨካኝ ነው? አዎ። የሚያቃጥላቸው መንደሮች ውስጥም ሴት ልጆች አሉ፤ ይህን ደራሲው እንዲያስረሳሽ አትፍቀጂለት። ያም ሆኖ በመጽሐፉ ውስጥ የእምነታቸውን ዋጋ ከኪሳቸው የከፈሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገመድ ገማጇና እሱ። ልብሽ ወደ ሁለቱም መሄዱ ከአንድ ምንጭ የመጣ ነው።

በአማርኛ ልብ ወለድ ውስጥ ይህን ስሜት ቀድመን እናውቀዋለን። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ፊታውራሪ መሸሻን አይረሳም። በዘር ሐረግ ኩራታቸው ለሰብለ የሚመጥን ባል ጠፋ እያሉ ልጃቸውን ያለ ትዳር ያስቀሯታል። እንስቅባቸዋለን፣ እንናደድባቸዋለን፣ ሲወድቁ ግን አንጀታችን ይላወሳል። ሐዲስ ለሥርዓቱ አልራሩለትም፤ ለሰውየው ግን ሰውነቱን አልነፈጉትም። ጓደኞችሽ ለፊታውራሪ ካዘኑ ለሹሙ ማዘንሽ ሊገርማቸው አይገባም።

አሁን ወደ ራስሽ ጽሑፍ። «በረዶና ግንብ የሌለበት ፋንታሲ አያምርም» ያለሽ ሰው ከንባቡ ያስታወሰውን ነው የነገረሽ። በረዶና ግንብ እነዚያ ደራስያን ከደጃቸው ያነሱት ነው። ከአንቺ ደጅ ያለው የሀዋሳ ሐይቅ ነው፤ ሐይቁ ደግሞ እንደተፈጠረ ግማሽ ተረት ነው። ጥቁር ውኃ ወንዝ ከጨለለቃ ረግረግ ተነስቶ ይገባበታል። ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ መውጫ የሌለው ሐይቅ ጨዋማ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፣ የእኛ ግን ዓሣ የሚኖርበት፣ ጨዋማ ያልሆነ ውኃ ነው፤ ተመራማሪዎች ውኃው በምድር ውስጥ ሰርጎ መውጫ አለው ብለው ያስረዳሉ። ለደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይሰጠዋል? የሚገባ አለ፣ የሚወጣ አይታይም።

ከዚህ አንድ ሕግ አውጪ እንበል፤ ሐይቁ የተሰጠውን ይቀበላል፣ መልሶ አይሰጥም። የሐይቁን ዳር የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደልን፣ ጎህ ሲቀድ አስቢው። ጀልባዎቹ እየገቡ ነው፣ ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ከመረቡ እያላቀቁ ቅርፊቱን ይፍቃሉ፣ ትልልቆቹ ወፎች አንጀቱን ለመናጠቅ ይጋፋሉ። አንዲት የአጥማጅ ልጅ ከሰው ራቅ ብላ በቄጠማው መካከል ጎንበስ ትልና የአባቷን ዕዳ ለውኃው ትነግረዋለች። በነጋታው አበዳሪው ዕዳውን ረስቶታል፤ መዝገቡ ላይ መስመሩ ባዶ ነው። ልጅቷ ደስ ይላታል። ማታ ግን አባቷ ሲያያት ዓይኑ ላይ የጎደለ ነገር አለ። ገንዘቡን የተበደረው እሷ ታማ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ነው፤ ዕዳው ሲሄድ ያ ወቅት አብሮ ሄደ። አልጋዋ አጠገብ ያደረባቸውን ሌሊቶች አያውቃቸውም። እሷ ብቻ ታውቃቸዋለች።

ይህን በነፃ ውሰጂው፣ ካልወደድሽውም ጣዪው፤ የምፈልገው አካሄዱን እንድታዪ ነው። ሕጉ ከሐይቁ ወጣ፣ ዋጋው ከሕጉ ወጣ፣ ልጅቷ ደግሞ ከዋጋው ትወጣለች። ጎረቤቶች መጥተው «ለእኛም ንገሪልን» ሲሏት ምን ትመልስ ይሆን? እምቢ ብትል ንፉግ ትባላለች፤ እሺ ብትል ከተማው ቀስ በቀስ ራሱን ይረሳል። ያኔ ሴራ የምትፈልጊበት ጊዜ አይኖርም፣ ራሱ ይመጣል። መጨረሻው ቢጨንቅሽ እንኳ ሐይቁ የወሰደውን እንዲመልስ አታድርጊ።

ሁለት ነገር ላስጠንቅቅሽ። ጀማሪዎች ድግምት ሲጽፉ ግዕዝ የሚመስል ነገር ይደረድራሉ። የእኛ አንባቢ ግዕዝን ከቤተ ክርስቲያን በጆሮው ያውቀዋል፤ የተሰበረ ግስ ሲሰማ ከታሪኩ ይወጣል። ልጅቷ ለውኃው በቤቷ ቋንቋ፣ ለአባቷ በምትናገርበት ድምፅ ብትናገር ይበልጣል። ሁለተኛው ከዚህ ይከብዳል። የምትጽፊው በሲዳማ ምድር ላይ ነው። ፍቼ ጨምበላላ በ2015 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሕያው በዓል ነው፤ ቀኑን የጨረቃና የከዋክብትን አካሄድ አይተው የሚወስኑት አያንቶዎችም እውቀታቸውን ከአባቶቻቸው የተቀበሉ፣ የሚከበሩ ሰዎች ናቸው። ለጌጥ ብለሽ ጠንቋይ አድርገሽ እንዳታስገቢያቸው። ማስገባት ከፈለግሽ ሄደሽ አባቶችን ጠይቂ፣ ቁጭ ብለሽ ስሚ፣ የጻፍሽውንም መልሰሽ አንብቢላቸው።

ሁለተኛውን ቅጽ አንብቢው። ስትጀምሪ አንድ ነገር ፈልጊ፤ ገመድ ገማጇ የተመለሱላትን ድምፆች እንዴት እንደምትሰማቸው። ልክ እንደዱሮው ከሰማቻቸውና ስለ ወጣቱ አዲስ ኃይል ማንም ምንም ካልጠየቀ፣ ደራሲው ያንን መጨረሻ የጻፈው አምኖበት ነው፤ ያኔ ብትዘጊውም አልቀየምሽም። ግን የወፉ ድምፅ በማይሆን ሰዓት ከመጣባት፣ የልጇ ሳቅ የሌላ ልጅ ሳቅ ከመሰላት፣ ወይም ወጣቱ ድምፆቹን ከየት አምጥቶ እንደመለሰ የሚጠይቅ ሰው ከተነሳ፣ የወረወርሽው መጨረሻ ገና ያልተከፈለ ዕዳ ነበር ማለት ነው። ቅዳሜ ለጓደኞችሽ የዝናቡን ገጽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢላቸውና ይህንኑ ጠይቂያቸው፤ ሁለተኛውን ቅጽ ሳትከፍቱት በፊት።